በራፍ ላይ የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ

ናሱቫ መንደር፣ ቫኑዋ ሌቩ፣ ፊጂ
እሑድ፣ ኖቬምበር 9

አቴካ እህቴ፣ የኔ ሆደ ባሻ፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ብሪዝበን ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ግን አርፌ የተቀመጥኩ እንዳይመስልሽ፤ ይህችን መስመር እስክጨርስ ሁለቴ ተነስቼ ዶሮ አባርሬአለሁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ተበልቷል፣ መንደሩ በሙሉ ጋደም ብሏል፣ የኔ እግር ብቻ አልረጋ ብሏል።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። "ለገና መጥቼ አያለሁ፤ ልጄ ሳይንስን በቃሏ ብቻ የምትሸመድድ ከሆነ ይዣት እመለሳለሁ፤ እቤት በእጇ እየነካካች የምትማርበት ነገር ካለ ግን ሁለተኛ ደረጃ እስክትገባ አንቺ ጋ ትቆይ" ብለሽኝ የለ? ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ለማይክሮስኮፕ መግዣ የላክሽውን እንደያዝኩ በማግስቱ ላባሳ ከተማ ወረድኩ። ሊቲያና ያንቺ ልጅ ናት፣ አልካድኩም። ግን ጡት ከጣለች ጀምሮ አጠገቤ የምትተኛው እሷ ናት፤ እንደ ወጋችን ትልቋ እማ ብላ የምትጠራኝ እሷ ናት። ብትሄድብኝ ቤቱ ይበላኛል።

ዳያራምን ታስታውሺዋለሽ፣ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠውን? የሚያብረቀርቅ ሳጥን አወጣና "እቺን ውሰጂ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እጥፍ ታጎላለች" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሁሉንም ነዋ።"

"እስቲ ከምሳህ ላይ ጥሬ ሽንኩርት ስጠኝ።"

"ሴትዮ፣ ዕቃ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ምሳዬን ልትበይ?"

እየሳቀ ሰጠኝ። ስሱን ልጣጭ ገፍፌ አየሁበት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የሚታየው ሌላ፤ ባጎላሁት ቁጥር ጭጋጉ ይወፍራል። ደግሞ ሁለመናዋ ፕላስቲክ ስለሆነ ትንሽ ስነካት ትወዛወዛለች። ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሰ ሌላ ነበር፤ ብረት ነው፣ ሌንሱም ፕላስቲክ አይደለም፣ ቢበዛ አራት መቶ እጥፍ ያጎላል። ያንኑ ልጣጭ እሱ ላይ ሳደርገው እንደ ጡብ የተደረደሩት ክፍሎች ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ዋጋውም ከዚያችኛዋ ያንሳል። "እሱ እኮ መብራት የለውም፤ ከሥሩ ያለችው መስታወት የቀን ብርሃን ስትመልስለት ነው የሚሠራው" አለኝ ዳያራም። በኛ የባሕር ንፋስ ባትሪ ስንት ቀን እንደሚቆይ ላንቺ መንገር የለብኝም። ወሰድኩት።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። በቀን ብርሃን የሚሠራ ዕቃ በራፍ ላይ ይቀመጣል፤ በራፍ ላይ የተቀመጠውን ደግሞ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ያየ ዘመድ ኬሬኬሬ ብሎ ከለመነ እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እዚያ ሆነሽ ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ እዚህ አንዴ የከለከለች ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ አታገኝም።

ልጅሽ የጉንዳን እግር አየችበት፣ የቢራቢሮ ክንፍ አየችበት፣ ከባሕር ውኃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሰውን እያየች እራት በልመና ነበር የምትበላው። እኔም ተመስገን፣ ለገና የማሳያት አገኘሁ እያልኩ ስቦርቅ የወንድማችን የኤፔሊ ሚስት ኡናይሲ ጎደሬ ተሸክማ ከች አለች። እሱማ እንደ ወጉ እህቱን ቀርቦ አይጠይቅም፣ ሚስቱን ይልካል እንጂ።

"ምነው ጠፋሽ?" አለችኝ።

"ትናንት አብረን ዓሣ ስናጠምድ አልነበር እንዴ?"

"እሱስ ነበርን። ይኸውልሽ፣ ልጆቼ ስለዚያ ስለምታዩበት ነገር ሲያወሩ ነው የሚውሉት። ኬሬኬሬ፣ እህቴ።"

"የሊቲያና እኮ ነው።"

"እኛስ የማን ነን?"

በገዛ እጄ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ጎደሬውን ቀቅዬ ለመብላት እንኳ አስጠላኝ።

ሊቲያና ከትምህርት ቤት ገብታ "የት ሄደ?" ስትለኝ "አጎትሽ ቤት" አልኳት። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ጥላ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። ኤፔሊ ቤት ሰተት ብላ ገብታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ምንጣፉ ላይ ከከበቡት ልጆች መሀል ማይክሮስኮፑን ብድግ አደረገችው። ትልቁ ልጁ "አባ፣ ዝም ትላታለህ?" ሲል ኤፔሊ ምን ቢል ጥሩ ነው? "የእህቴ ልጅ ናት፣ ቫሱ ናት። ቫሱ ከአጎቷ ቤት የፈለገችውን ብታነሳ ማን ይናገራታል? ይልቅ ሳታያት ዶሮዋን ደብቅ።" ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኡናይሲ ብቻ ጎደሬዋ ትዝ ብሏት ነው መሰለኝ አልሳቀችም።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መንገዱን ሁሉ ላንቺ የምጽፈውን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፦ እዚያ አገር ሳትጠይቅ ገብታ የምታነሳበት የማን ቤት አላት? እዚህ ዘመድ አላት፣ ወግ አላት፣ ማይክሮስኮፕም አላት፤ ለምን ትወስጂብኛለሽ? ልልሽ ነበር።

እቤት ስንደርስ ግን በራፍ ላይ አላስቀመጠችውም። ወልውላ፣ በእሑድ ቀሚሷ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

"ምነው፣ አታዪበትም?" አልኳት።

"እንዳይሰበር ነው። አውሮፕላን ላይ ይፈቀዳል አይደል?"

"እናትሽ መጥታ እዚሁ ታየው የለ?"

"እዚያ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቀን ብርሃን አብረን እናይበታለን።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና "ትልቋ እማ፣ አንቺ አጎቴ አለሽ፣ ኡናይሲ አለችሽ፣ መንደሩ በሙሉ አለሽ። እማ ማን አላት?" አለችኝ።

እንዳይንገላታ የኔን ሻርፕ ደረብኩበትና ሻንጣውን ዘጋሁላት።

ስለዚህ ስትመጪ አልሟገትሽም። ጠረጴዛዋን መስኮት አጠገብ አድርጊላት። መስታወቷን ወደ ሰማዩ ብርሃን እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ እንዳታዞራት፣ ዓይኗን ያጠፋዋል። ስትተኛ ትወራጫለች፣ ብርድ ልብሷን ትጥላለች፤ አልብሻት። እኔ ለምጄዋለሁ፣ ሳልነቃ ነው የማለብሳት።

የባሕሩም የሰማዩም ጌታ ሁለታችሁንም በክንፉ ይያዛችሁ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ትኬቷን ስትቆርጪ ደግሞ ደርሶ መልስ ቁረጪላት። እሱ ይረክሳል ይላሉ።

ታላቅ እህትሽ
ላቬኒያ