የሕሊና ስኖው

ሐሙስ

ጠየቀችኝ! ማንም ሳይጎተጉታት፣ በገዛ አፏ። «ያ ነጩ ነገር ምንድነው?» አለች።

ሥራ ቦታዬ ነበርን፣ ሆሊውድ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ሰኞ ነው፤ የምተዋት ሰው አጥቼ ይዣት ሄድኩ። ጠዋት ሙሉ የፓርኪንግ ሒሳብ የምቀበልባት ሳጥን ውስጥ አጠገቤ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። የብሬክ ሰዓቴ ሲደርስ ወደ ሕንፃው ጣሪያ ይዣት ወጣሁ። ሁለት ቀን ዘንቦ ሰማዩ ታጥቧል፣ ተራሮቹ በሙሉ አናታቸው ነጭ ሆኗል።

«ስኖው ነው» አልኳት።

«በረዶ?»

«እ... የበረዶ ዘመድ በይው።»

አሰበች። «በረዶማ አውቃለሁ። እማዬ ቤት ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እኮ መነጋገርም አይቻልም። ያኛውም ይንጫጫል?»

እኔ ምን አውቄ! ይህን ያህል ዓመት እዚህ ስኖር ከሩቅ አይቼው እንጂ ቀርቤው አላውቅም። «ለምን ሄደን አንሰማውም?» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ሳስበው ግን ደስ አለኝ።

እንዲህ ለአንዲት ጥያቄ የምፈነድቀው ወድጄ አይደለም። ሕሊና ልጄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ትቻት ስመጣ ጥርሷ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር። ወረቀቱ ተጓቶ ተጓቶ፣ ይኸው ከመጣች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነው። ያሳደገቻት እናቴ ናት፣ «እማዬ» የምትለውም እሷን ነው። እኔም እናቴን የምላት እማዬ! ታዲያ ለእኔ መጠሪያ አልተረፈልኝም። ስትፈልገኝ «ይቅርታ» ብላ ትጀምራለች።

ችግሬ ጨዋነቷ ነው። በልታ ስትጨርስ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለኛለች። መኝታ ቤቱን ለቅቄላት እኔ ሶፋ ላይ ነኝ፤ እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን አሳምራ አጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ ዛሬውኑ እንደሚሄድ እንግዳ። ካሮት እንደማትወድ ያወቅኩት ከፊቷ ነው፤ እየቀፈፋት ሁሉንም በላችው። አታኮርፍም። «ይሄን ግዢልኝ» አትልም። እኔ በሷ ዕድሜ እማዬን ቁም ስቅሏን ነበር የማሳያት። ይቺ ወደ ማን ሄዳ ነው?

ዓርብ

ለጋሼ ደምሴ ነገርኳቸው። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፣ ታክሲ ነጂ። ባለቤታቸው እትዬ ሮማን የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቅመም ይሸጣሉ። እዚህ አገር ዘመድ ማለት ለእኔ እነሱ ናቸው።

«ነገ ራሴ እወስዳችኋለሁ!» አሉ ጋሼ።

«ሥራ ቦታ ስሰማ ግን እንዳያንሸራትት ጎማው ላይ ቼይን ይታሰራል አሉኝ...»

«አንቺ ልጅ! እኔ ደምሴ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼ ጎማ በሰንሰለት ልሰር? መኪናው ውሻ ነው እንዴ?»

እትዬ ሮማን ከኩሽና፣ «ከኤርፖርት ሌላ የት ያውቃል ብለሽ ነው!» አሉ።

የምንይዘው፦ ጓንት (ለሕሊና ብቻ ነው ያለን)። ሁለት ካልሲ በላይ በላዩ። ፌስታል፣ ከካልሲው በላይ የሚጠለቅ። ምግቡን እትዬ ሮማን «እሱን ለእኔ ተዪው» ብለዋል፣ ፈራሁ።

እማዬ ደወለች። ሕሊና ስለ ስኖው ነገረቻት። «ድምፅ ከሌለው ምኑን በረዶ ሆነ? በዓይኔ ካላየሁ አላምንም!» አለቻት እማዬ። ሕሊና ሳቀች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ቅዳሜ

አልደረስንም።

በጠዋት እንወጣለን ተባብለን የእትዬ ሮማን ዶሮ ፍርፍር እስኪደርስ ረፈደ። ዳቦው፣ እንቁላሉ፣ ቴርሞሱ፣ የለስላሳው ማቀዝቀዣ ሳጥን... የኋላ ዕቃ መጫኛው አልዘጋ ብሎ ጋሼ በመቀመጫቸው ገፍተው ዘጉት። በቢጫ ታክሲ ወደ ተራራ! በየመንገዱ ሰው ዞሮ ያየናል።

የተራራው መውጫ ግርጌ ላይ ፖሊስ አስቆመን። «ቼይን?» አለ። ጋሼ ስለ ልምዳቸው ማስረዳት ጀመሩ። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸውና በእጁ ወደ መጣንበት አሳየን። እትዬ ሮማን «እስኪ ይሄን ስጡት፣ ብርድ ላይ ቆሞ» ብለው ዳቦ በመስኮት አቀበሉት። ሳቀ፣ ዳቦውን ግን አልወሰደም፤ እኛንም አላሳለፈን። ሰንሰለት የሚሸጡት መንገድ ዳር አሉ ተባልን፤ ለጋሼ ጎማ የሚሆነው አልቋል። ያን ሁሉ ምግብ ጭነን አንዲት ሰንሰለት አጣን!

ሕሊናን ዞሬ አየኋት። ጓንቷን ቀስ ብላ እያወለቀች ነው። «ምንም አይደለም» አለችኝ። እኔን ታጽናናኛለች! ንዴቴን እንዴት ልናገር። አልቅሺ እንጂ! ተቆጪ እንጂ! ይሄ ሁሉ ለማን ነው?

መንገድ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ፓርክ አድርገን ምግቡን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋን። እዚያ ነው ጉድ ያየሁት። ከላይ የሚወርዱት ፒክአፖች ኋላቸውን ስኖው ሞልተው ነው የሚመጡት! ቤታቸው ወስደው ግቢያቸው ሊጫወቱበት። እኔ እንደዚህ እንደሚደረግ በሕልሜም አላሰብኩም።

አንዱ አጠገባችን ቆመ፤ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ ሜክሲኮዎች መሰሉኝ። እትዬ ሮማን ሲያዩ መች ያስችላቸዋል! ፍርፍሩን ጠቅልለው ቀጥታ ወደ ሰውዬው አፍ። ሰውዬው ደነገጠ። ሚስቱን አየ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ሚስቱ በሳቅ ልትሞት። እትዬ ሮማን «አንድማ አይሆንም» ብለው ደገሙት። እኔ በኀፍረት ልሰምጥ ስል ሰውዬው አካፋ አንስቶ ወደ ማቀዝቀዣችን አመለከተ። ለስላሳውን አውጥተን ስኖው ሞላልን።

ሕሊና ተንበርክካ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ ደገነች። ረጅም ጊዜ። «ዝም ይላል» አለች። ቀጥላ አንድ እፍኝ ጨበጠች፣ ቀርጨጭ አለ። ዓይኗ ፈጠጠ። «ስትጨብጪው ነው የሚናገረው!» ብላ ጆሮዬን በቀዝቃዛ እጇ ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። ከኤርፖርት ወዲህ በራሷ ፈቃድ ስትነካኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ጆሮዬ አሁንም የቀዘቀዘ ይመስለኛል።

ቤት ስንደርስ አብዛኛው ቀልጧል። የተረፈውን አይስክሬም ዕቃ ውስጥ ከታ ፍሪዘር አስገባች። ራቷን ስትጨርስ አሁንም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ»። እሺ፣ ምን ላድርግ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬ ጋ በቪዲዮ ደወልን። ኔትወርክ የለም። ደጋግመን ሞከርን፣ የለም። ሕሊና ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር፤ መልሳ ፍሪዘር አስገባችው።

ከዚያ ጥያቄ! ውሃ ነጭ ሳይሆን ስኖው ለምን ነጭ ሆነ? ተራራው ላይ የሚኖሩ ወፎች የት ይሄዳሉ? አዲስ አበባ ብርድ እያለ ለምን አይወርድም? አንዱንም አላወቅኩም። አብረን ስልኬ ላይ ፈለግን። ስለ ነጭነቱ ሁለቴ አንብቤም አልገባኝም። እሷ ገባት መሰለኝ፣ «አሃ» አለች።

ፍሪዘሩን ቶሎ ቶሎ እየከፈተች ታየዋለች። መብራት ይቆጥራል ልል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ሰኞ

ዛሬ ያደረግኩትን ልጻፈው።

ከሥራ መጣሁ፣ ደክሞኛል። ያመጣሁት እንጀራ ፍሪዘር ውስጥ ቦታ አጣ። ያንን ዕቃ ከፈትኩት፤ ስኖው የሚባል የለም፣ ግርጌው ላይ የተጋገረ ግራጫ በረዶ ብቻ። አላሰብኩም፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሲንክ ውስጥ ደፍቼ ሙቅ ውሃ ለቀቅኩበት።

ሕሊና ከትምህርት ቤት ከእትዬ ሮማን ጋር መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፍሪዘሩን ከፈተች።

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«ስኖዬ!»

«የኔ ቆንጆ፣ እሱ እኮ በረዶ ሆኖ...»

«ለምን ደፋሽብኝ? ሳትጠይቂኝ! የኔ ነበር! ለእማዬ ላሳያት ነበር! አንቺ ሁልጊዜ...» አለችና ቆመች። ሁልጊዜ የሚባል ነገር ገና የለንም፣ ለሷም ታወቃት መሰለኝ። ያ ይበልጥ አናደዳትና መኝታ ቤት ገብታ በሩን ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ወደቀ።

«በር አይወረወርም!» ብዬ ጮህኩ። ቁርጥ የእማዬ ድምፅ። እትዬ ሮማን ጫማቸውን ይዘው ውልቅ አሉ።

ከዚያ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ታለቅሳለች፣ በኃይል፣ ሳትሳቀቅ። እዚያው ላይ ደግሞ ሳቄ መጣ፣ አፌን በእጄ ያዝኩ። ተጣላችኝ! ልጄ ከእኔ ጋር ተጣላች!

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኩ በበሩ።

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ሌላ ታመጪልኛለሽ።»

ጥያቄ አይደለም፣ ትዕዛዝ ነው።

«አመጣልሻለሁ።»

«ከነሰንሰለቱ!»

«ከነሰንሰለቱ።»

ራት ጥቅል ጎመን ነበር። ካሮቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ሳህኗ ጠርዝ ላይ ደረደረችው። በልታ ስትጨርስ አላመሰገነችኝም፤ ተነስታ ሄደች።

ማክሰኞ

እማዬ ተገኘች። ሕሊና ትምህርት ቤት ሳለች ሁሉንም ነገርኳት። ትገሥጸኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

«እኔ ቤት ያ በር ስንት ጊዜ ተገንጥሎ ተሠርቷል መሰለሽ! ጨዋ ናት፣ ጨዋ ናት ስትዪኝ ነበር የፈራሁት። አመሏን እዚህ ረስታው ሄደች እንዴ ብዬ።»

ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ጋሼ ደምሴ ሰንሰለት ገዝተዋል። ከታች ፓርኪንጉ ውስጥ ተንበርክከው ጎማው ላይ ይሞክሩታል፤ እትዬ ሮማን ቆመው «ተገልብጧል! ተገልብጧል እኮ ነው የምልህ!» ይላሉ። ውሻውን ማሰር ለመዱ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ቅዳሜ ሺፍት አለኝ። ለማናጀሩ ምን እንደምለው እስካሁን አላወቅኩም። አልፈቅድልሽም ካለኝስ? መንገዱ ቢዘጋስ? እስከዚያ ቢቀልጥስ? ቃል ገብቻለሁ።

መኝታ ቤት ልጠርግ ገብቼ ነበር። ብርድ ልብሷ ግማሹ አልጋው ላይ፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ተጎትቷል፤ ሳታጥፈው ነው የሄደችው። ዙሪያውን ጠርጌ ወጣሁ፣ እሱን አልነካሁትም።