ሰባቱ የዋንዛ ፎርማዎች

ጥር 6፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ጀሶ በጥብጫለሁ፣ ሳይደርቅብኝ ባጭሩ። ከዳባት ወ/ሮ ዘውዴ ደወሉ። የሳሎናቸው ኮርኒስ ጥጉ ረግፏል። አበባውን የሠሩት አባዬ ናቸው፣ እኔ ሳልወለድ። ለልጃቸው ሠርግ እንደ ድሮው ይሁንልኝ ነው የሚሉት። አባዬ ሲሰሙ ሳቁ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም። በመሮ የቀረጹት፣ ጀሶው የሚፈስበት የእንጨት ፎርማ ዳባት አጎትሽ መጋዘን አለ አይደል፣ አምጪው አሉኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

ጥር 7
ማስታወሻዬ፣ ላንተ እንኳ አልነገርኩህም። ፎርማ የሚባል የለም። በጦርነቱ ክረምት አባዬ ለዓይናቸው ሕክምና ጎንደር ነበሩ። ት/ቤቱ በተፈናቃይ ሞልቷል፤ ዝናቡ አላባራ ብሏል። አንዲት አራስ የሦስት ቀን ሕፃን ታቅፋ በራችን ላይ ቆመች፣ ማገዶ ፍለጋ። ቤት ውስጥ ደረቅ እንጨት የአባዬ ፎርማዎች ብቻ። ሰባቱንም ሰጠኋት። አባዬ ሲመለሱ፣ እንዳይዘረፉ ዳባት አጎቴ ጋ ልኬያቸዋለሁ አልኩ።

ጥር 9፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ከዳባት መመለሴ ነው። ለወ/ሮ ዘውዴ አዲሱን የጎማ ፎርማ አሳየኋቸው።
“ይኼማ የማንም ቤት አበባ ነው። እኔ የራሴን ነው የምፈልገው” አሉ።
ሚኒባስ ውስጥ ሰበብ ስፈልግ መጣሁ። ምስጥ በላው? ተሰረቀ? አጎቴን ሌባ ላደርገው ምንም አልቀረኝም። አባዬ በረንዳ ላይ ዘይትና ጨርቅ ይዘው ይጠብቃሉ፣ ፎርማውን ሊቀቡት። እጃቸውን ዘረጉ። ያን ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ።
“ሕፃኑ ተረፈ?” አሉ።
አላውቅም። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።
የዘይቱን ክዳን መለሱ። “ማቃጠሉንስ እኔም አደርገው ነበር። ስጠይቅሽ ስጠይቅሽ ደህና ናቸው ማለትሽ ግን…” አልጨረሱትም።

ጥር 10
እህል አልቀመሱም። ዘሀራ ብለው አይጠሩኝም፤ “ማነሽ” ሆኛለሁ። ዛሬ የበጠበጥኩት ጀሶ ባልዲው ውስጥ ደረቀ።

ጥር 12፣ ማታ 1 ሰዓት
ጠዋት ሳላስበው ዳባት ውሰጂኝ አሉ። በወ/ሮ ዘውዴ ሳሎን አባዬ መሰላል ላይ ወጡ፤ እኔ ከታች እግራቸውን ይዤ። የተረፈውን አበባ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ቅጠል በቅጠል። ከሱ ላይ ቅርጹን በጀሶ ላንሳው አልኩ።
“አርጅቷል፣ ይረግፍብሻል። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትቀርጫለሽ።”
ሲወርዱ መሯቸውን ሰጡኝ። እስከ ዛሬ አስነክተውኝ አያውቁም፤ የኔ ሥራ ማፍሰስ ብቻ ነበር። ስሜን አሁንም አልጠሩም። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም።
ዋንዛ ገዝቻለሁ። ፎርማ ግልብጥ ነው፤ የሚያብጠውን ማጎድጎድ፣ የሚጎደጉደውን መተው። እጄን አላምነውም። ቢሆንም ነገ ጠዋት አጠገባቸው ተቀምጬ እጀምራለሁ። አንድ ቅጠል ካበላሸሁ እነግራቸዋለሁ፣ እዚያው፣ ወዲያው።