የነጩ ዱቄት ጉዳይ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ግን ሆስፒታል ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አትደንግጪ፤ ግሉኮስ ተሰክቶላት ትናንት ማታ ዓይኗን ገልጣለች። ሐኪሙ «ከውሃ ነው» አለኝ። ከየትኛው ውሃ እንደሆነ መቼም አይጠፋሽም።

የጉድጓዱን ውሃ እንድናክምባቸው እነዚያን ውስጣቸው ነጭ ዱቄት የተቀባ የመስታወት ቱቦዎች ከመሥሪያ ቤትሽ ገና ስትልኪ ደስ አላለኝም። «ዱቄቱ ብርሃን ሲነካው ጀርም ይገድላል» ስትዪኝ፣ ጀርም የገደለ፣ ሰውን ከመግደል ምን ያግደዋል አልኩ በሆዴ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ክሎሪን የለካሁ ሰው ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ውሃውን አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። መድኃኒት ያለው ውሃ እኮ ይሸታል! እናትሽ ግን «የልጄ ሥራ ነው» ብላ የጉድጓዱን ውሃ ማፍላቱን እርግፍ አድርጋ ተወች። በአሥራ አንደኛው ቀን ወደቀች።

መጀመሪያ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ጠረጠርኩ፤ ቆሻሻ ባልዲዋን ጉድጓዱ ውስጥ ነክራ ይሆናል ብዬ አኮረፍኳት። ቀጥሎ፣ ይቅር በይኝና፣ አንቺን። በእኛ ሆድ ልትሞክሩት ነው ብዬ ለአለቃሽ «ይህ ነገር ሰው ሳይጨርስ ይታገድ» ስል ጻፍኩ።

እዚህ ድረስ ጠዋት ጽፌ ሆስፒታል ሄድኩና ለእናትሽ አነበብኩላት።

«ልጄን አትክሰሳት» አለችኝ። «ቱቦዎቹን ጠዋት ጠዋት በሸራ የምትሸፍናቸው አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነው። ክሎሪንን ፀሐይ ይበላዋል፤ የታከመ ውሃ ተሸፍኖ ይቀመጣል። እኛ የምናውቀው ይህንን ነው። የብርሃኑን ነገር ወሬ ነው ብዬ ናቅኩት፤ የላክሽውን መመሪያም አላነበብኩም፤ ለእኔ ስለ ውሃ ማን ያስተምረኛል ብዬ። አሁን አነበብኩት። «ስድስት ሰዓት ሙሉ በጠራ ፀሐይ ይዋል» ይላል። ለካ እናትሽ የጠጣችው ያንኑ ያልታከመ የጉድጓድ ውሃ ነው። አፈርኩ፣ ልጄ። ለአለቃሽ ዛሬውኑ ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

«ስሸፍን ካየሽኝ ታዲያ ለምን ጠጣሽ?» አልኳት።

«አንተ የውሃ ሰው ነህ፤ ያውቃል ብዬ ነዋ» አለች።

አንተስ እንዴት ሳትታመም ቀረህ ብላ አልጠየቀችኝም። አንቺ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። እሷ ገበያ ስትወጣ የራሴን ውሃ ደብቄ አፈላ ነበር። ይህን አትንገሪያት።

የያዝሽው ሥራ ይቅናሽ፤ ከእኔ ዓይነቱ አዋቂም ይሰውርሽ።

አባትሽ