ትንሿ ወፍና የቀረው ወረቀት

ኅዳር 9
ልብስ ስፌት ቤቱ ሥራ ዋልኩ። የአንድ ሽማግሌ ኮት ክርኑ ላይ ተበልቶ ነበር፣ ጠገንኩት። አለቃዬ ወደ ብርሃን አንስቶ ቀዳዳውን ፈልጎ አጣው። «የቱ ጋ ነበር?» አለ። ድሮ እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።
ማታ ሻይ አፈላሁ። የልጄ አባት ዳቦ ቆረሰ። ስለሚያፈሰው የውሃ ቧንቧ አወራን። ስለ እሷ አላወራንም። ልጃችን ከሞተች ወዲህ እንዲህ ነን... ሁለታችንም ቧንቧ ቧንቧ እንላለን።

ኅዳር 11
ጠረጴዛዋን ወለወልኩ። እስከ ዛሬ አልደፈርኩም ነበር። ከወረቀት ያጠፈቻቸው ሁሉ እንዳሉ ናቸው። እንቁራሪት፣ ጀልባ፣ ቀንዳም ጥንዚዛ። እያንዳንዱ ከአንድ ወረቀት ብቻ። ላግዝሽ ብዬ ሙጫ ሳቀብላት «እማ፣ ሙጫ ማጭበርበር ነው» ትለኝ ነበር።
ከመጽሐፎቿ ሥር አንድ ሰማያዊ ወረቀት አገኘሁ። ጥጉ ላይ አውራ ጣት የምታህል ወፍ፣ ተሠርታ ያለቀች። የቀረው ወረቀት ሰፊ ነው፣ ምንም አልተሠራበትም። ወፏንና ወረቀቱን ያያያዛቸው ክር የምታህል ጫፍ ብቻ። ሊበጠስ ምንም አልቀረው። ተቀዶባት ይሆን? ተናዳ ትታው ይሆን?
እጄ መች አርፎ ይቀመጣል። ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ የምንለጥፈውን ስስ ጨርቅ በልኩ ቆርጬ፣ ከሥሩ አድርጌ በካውያ ጫን አልኩት። ያዘ። ጎበዝ፣ አልኩ ለራሴ።

ኅዳር 13
ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወረቀቱን ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድበት ወደነበረው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ወረቀት ማጠፍ የሚያስተምሩት ሰውዬ ጡረተኛ ናቸው። ተማሪዎቹ «ጋሽ እጥፉ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት።
«ማነው የለጠፈው?»
«እኔ። ሊበጠስ ነበር።»
መነጽራቸውን አወለቁ። «እትዬ... አልተቀደደም። ሆን ብላ ነው እንዲህ የቆረጠችው።»
ለካ ሁለት ወፍ ነው፣ በአንድ ወረቀት። ወረቀቱ ፈጽሞ ሳይለያይ፣ ጫፉ ብቻ እስኪቀር ይቆረጣል። መጀመሪያ ትንሿ፣ ከዚያ ትልቋ ትታጠፋለች። መጨረሻ ላይ ምንቃር ለምንቃር ይገናኛሉ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጃፓን ውስጥ እንዲህ የተያያዙ ወፎችን የሚያሳይ መጽሐፍ ታትሞ ነበር አሉ። ሥዕል አሳዩኝ፣ እሷም ያየችው እሱን ነው። ጫፉ እንደ ልብ መተጣጠፍ አለበት። አሁን ግን እንደ ኮሌታ ደርቋል። ቢታጠፍ ይሰበራል።
እኔ ነኝ ያደረቅኩት። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ።

ኅዳር 14
ለአባቷ ነገርኩት። የለጠፍኩትን አንስቼ ትልቋን ልጨርሳት ነው አልኩት።
«አትንኪው።»
«እሷ ጀምራው እኮ...»
«አንቺ ሴት፣ ቢበጠስስ? እጇ የነካው የመጨረሻው ነገር ነው። መስታወት ውስጥ እናስቀምጠው በቃ።»
እውነቱን ነው። እኔም እውነቴን ነው። እንዲህ ሲሆን ማን ይዳኛል? ወደ ቧንቧው ተመለስን።

ኅዳር 20
ጋሽ እጥፉ በጋዜጣ ወረቀት አስጀመሩኝ። ጣቴ የሚያውቀው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ላይ ብሳሳት በካውያ ይቅር ይለኛል፤ ወረቀት ቂመኛ ነው። ይህን ስላቸው ሳቁ። ድሮ በሌላ አገር የመኳንንት ገበታ ላይ የሚቀርበውን የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ በወፍና በዓሣ መልክ ያጥፉት ነበር አሉኝ።
«ታዲያ እንግዳው ማፍረሱ አሳዝኖት እጁን በልብሱ ይጠርግ ነበር?»
«እሱን ያየ የለም» አሉ።
ወረቀትም ያኔ ውድ ስለነበር ለስጦታ መጠቅለያ እንጂ ለጨዋታ አይታጠፍም ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚላክ መሣሪያ ክንፉ ታጥፎ ሄዶ እዚያ ይዘረጋል። ታጥፎ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ የሚከፈት ቱቦም እየሞከሩ ነው፣ ለልብ ሕመምተኛ... እዚህ ሲደርሱ ቆም አሉ። ልጄን የወሰዳት ልብ ነው።
«ይህን ያነበበችልኝ እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «‹ጋሼ፣ የኔንም አጣጥፈው ያስተካክሉልኝ ይሆናል› ብላ ሳቀች።»
እኔ ፊት በልቧ ቀልዳ አታውቅም። ቀናሁባቸው። ቆይቶ ግን... ሳቀች ማለታቸውን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 23
በሥራ ሰዓት የደንበኛ ልክ የምንጽፍበትን ወረቀት አጠፍኩ። አለቃዬ አየኝ። ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ኅዳር 27
የተያያዙትን ሞከርኩ። ተበጠሰ። ደገምኩ። ተበጠሰ።
«ጋሼ፣ የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም።»
«የእሷም ስንቱ ተበጥሷል። የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዩት ኖሮ።»
«ትናደድ ነበር?»
«እንዴት አትናደድ። አንዴ ወረቀቱን ሰድባዋለች።»
ምን ብላ እንደሰደበችው አልነገሩኝም። ቀጣዩ ያዘልኝ።

ታኅሣሥ 1
ስሱ ጨርቅ በሙቀት እንደሚይዝ በሙቀት ይለቃል። ይህን አውቃለሁ። ወረቀት ላይ ግን ሞክሬ አላውቅም።
ካውያውን ሰካሁ። አባቷ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሊከለክለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።
«መብራቱን ላቅርብልሽ?» አለ።
ሰማያዊው ላይ ንጹሕ ወረቀት አልብሼ በካውያው አፍንጫ ብቻ ነካ አደረግኩ። ጨርቁን በወረንጦ ሳብኩት። መጣ... ቀስ ብሎ መጣ። ጫፉ እንደ ጥጥ ትንሽ ተንጨፋረረ እንጂ አልተበጠሰም። አባቷ ትንፋሹን ይዞ ኖሮ ሳል አጣደፈው።
«ወፏን ልታስበርራት ነው እንዴ» አልኩት።
ሳቅን። በራሳችን ቤት፣ ሁለታችንም።

ታኅሣሥ 3
ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ፣ ብርሃን ሳለ፣ ጀመርኩ።
የእሷ እጥፋት እንደ ምላጭ ነው። የኔ ወፍራም። ምንቃሩ ጋ ደረስኩ። አጠገቤ ለተቀመጠው አባቷ «ሊያቅተኝ ነው» አልኩት። ትንሿን በሁለት ጣቱ ደግፎ ያዘልኝ። እኔ ትልቋን አጠፍኩ። ጫፉ ታጠፈ። ያዘ።
የኔዋ አንድ ክንፏ ዝቅ ብሏል። «ትከሻሽን ትመስላለች» አለ። ከዚያ የልጃችንን ስም ጠራ። እንዲሁ፣ ከሌላው ክፍል እንደሚጠራት። እኔም ጠራኋት። ሻዩ ቀዘቀዘ። ስለ እሷ ስናወራ መሸ።

ታኅሣሥ 4
ወፎቹን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ለጋሽ እጥፉ ወሰድኳቸው። መነጽራቸውን ሦስቴ ጠረጉ። ለመማር አንዲት አዲስ ሴት መጥታ ነበር፣ በኔ ዕድሜ።
«ማን ነው የሠራቸው?» አለችኝ።
«ትንሿን ልጄ። ትልቋን እኔ።»
«አብራችሁ? ታድላችሁ።»
ጋሽ እጥፉ ቀና ብለው አዩኝ።
«አዎ፣ አብረን ነው» አልኳት። «እሷ ጀመረች። ከሞተች በኋላ እኔ ጨረስኩ።»
ሞተች የሚለውን ለማላውቀው ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ ወንበሯን አስጠጋች።
«ልጅሽ እንዴት ነበር የምታጥፈው? እስቲ አሳዪኝ» አለች።
አሳየኋት።