የመጋረጃ ቤቱ ስም

እማዬ፣

ልብሽን ያዝ አድርጊና አድምጪኝ። የምነግርሽ ዜና እጅግ ከባድ ነው። በጉለሌ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም። የሰማ ሁሉ ከንፈሩን መጥጧል። አንድ ስም ለጥቂት ከሞት ተርፏል!

አትደንግጪ፣ የሰው ስም አይደለም። አባባም ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ከተለየሽን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ እኔ ግን አሁንም ሰው ሳላስደነግጥ ወሬ መጀመር አልቻልኩም። ብትኖሪ ይሄኔ ነጠላ ጫማሽን ከእግርሽ አውልቀሽ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። አባባ ሽሮ መሥራት ለምዷል፤ ሽሮው ግን እሱን ገና አልለመደውም። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር እንደነበረ ነው። ማንም አይሰፋበትም። አባባ ግን እሁድ እሁድ ከቁስቋም ሲመለስ አቧራውን ይጠርግና ዘይት ጠብ ያደርግበታል። ለምን ስለው "ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይደርቃል" አለኝ። ስለ መኪናው ይሁን ስለ ራሱ አልጠየቅኩትም። ለመቀለድ የሚመች ቦታ ነበር፣ ተውኩት። ይሄን ያዢልኝ።

እኔ ነጋዴ ሆኛለሁ። ቆይ፣ አትሳቂ። ዊንጌት ታክሲ መያዣው ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ ሚኪ ነው ያስገባኝ። ኢንተርኔት ላይ ሱቅ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ስም ይከራያል፤ ዶሜይን ይሉታል። ኪራዩን በየዓመቱ ያሳድሳል። ካላሳደሰ ትንሽ ጊዜ ይታገሱትና ስሙ ይለቀቃል። ያኔ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል፣ ለሚፈልገው ሰው ደግሞ አትርፎ ይሸጠዋል። እንግዲህ ልጅሽ ባለቤት ያጣ ስም ለቃሚ ሆኗል ማለት ነው። ትምህርቱን ከግማሽ ሳቋርጥ "ምን ልትሆን ነው?" ብለሽ አልነበር? ይኸው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። ሚኪ እንደሚለው ጥሩ ስም አጭር ነው፣ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ቢጠራ ጋቢና ያለው ሰው በትክክል ይሰማዋል፣ ቁጥር አይቀላቀልበትም። ከሁሉ በላይ ያለፈ ታሪኩ ይታያል። የአጭበርባሪ መነገጃ ከነበረ ማንም አይነካውም። አንቺ ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት ወደ ብርሃን ዘርግተሽ እንደምታዪው ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ስም ደስ ያለኝ ስላሳቀኝ ብቻ ነበር። ሚኪ ሲያየው ለካ የቁማር ቤት ኖሯል። ሁለተኛው ቆንጆ ነበር፤ ግን የአንድ ትልቅ ኩባንያ ስም የሚመስል ሆነና "ክስ ልትገዛ ነው እንዴ?" ብሎ ከለከለኝ። ሦስተኛውን ሳገኝ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ።

የሐጂ ከድር መጋረጃ ቤት ስም ነበር።

አዎ፣ አዲሱ ገበያ ያሉት የአንቺው ሐጂ። ስንት ዘመን ሙሉ የሰፋሽላቸው፣ ስለ ዘርፍ ስፋት የተጨቃጨቅሻቸው፣ በበዓላችን በግ ሲታረድ ቆመው "ቢላዋው አልሰላም" የሚሉሽ። የስማቸው ጊዜ አልፏል፤ ሊለቀቅ ቀናት ቀርተውታል። በልቤ ስሌት ጀመርኩ፦ የታወቀ ሱቅ ነው፣ ታሪኩ ንጹሕ ነው፣ ሌላ መጋረጃ ነጋዴ ይፈልገዋል። በቃ፣ የመጀመሪያ ሥራዬን አገኘሁ አልኩ። አባባ "አንድ የቁም ነገር ሥራ አሳየኝና ልሙት" ይል ነበር፤ እሱን እንኳ ሳልገድለው ላሳየው ነበር።

የሚኪ ሕግ ግን ያለፈውን እይ ይል የለ? ኢንተርኔት ላይ የድረ ገጾችን የድሮ መልክ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ከፈትኩት። ቀስ ብሎ መጋረጃ በመጋረጃ መጣ። ያ ወርቃማው ባለ አበባ፣ ያ ሙሽሮቹ የወሰዱት ነጩ፣ ሁሉም ከቤታችን የወጡ። ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ፣ ነፋስ እንዳያነሳው የመጋረጃውን ጫፍ የያዘ እጅ አለ። ትንሿ ጣት ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሟል።

አንቺ ነሽ። የተረፈ ክር ጣቱ ላይ የሚጠመጥም ሌላ ሰው አላውቅም። የሐጂ ልጅ ሪሃና ልታነሳሽ ስትል "ፀጉሬን ሳልሠራ!" ብለሽ ከመጋረጃው ኋላ የተደበቅሽ ጊዜ መሆን አለበት። ፊትሽን ደበቅሽ፣ እጅሽ ቀረ።

እማ፣ ብዙ አየሁት።

ስሙ ለሌላ ሰው ከሄደ ሪሃና ያን ገጽ መልሳ የምትከፍትበት ደጅ አይኖራትም። እጅሽ ያለበት ቦታ ላይ የሌላ ሰው ማስታወቂያ ይቆማል። ሚኪ "ዝም በል! የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ዝምታ ነው" አለኝ። እኔ ግን ያደግኩት ጉለሌ ነው። ጎረቤት በሩን ሳይከፍት ካረፈደ ሄደን እናንኳኳለን እንጂ ቤቱ ባዶ ይሆን ብለን አንጠብቅም። ስነሳ ሚኪ ከኋላዬ "አንተ፣ ገበያ ነው የምትሄደው ወይስ ለቅሶ?" እያለ ይጮህ ነበር።

ችግሩ ማን ይመነኝ? ሐጂን ታውቂያቸዋለሽ፣ እኔንም ታውቂኛለሽ። ባለ አምስት ፎቅ ቤት የሠራ ሰው መጋረጃ ሊገዛ እየመጣ ነው ብዬ ሱቁን ሙሉ ጨርቅ ያስወረድኳቸውን አልረሱም። "ሐጂ፣ ስምዎት ሊወሰድ ነው" ስላቸው ከመቀመጫቸው እንኳ አልተነቃነቁም። "ዛሬ ደግሞ ስሜን? ባለፈው ጨርቄን ነበር። ሂድ ወዲያ አንተ መዓተኛ! የብርቄ ልጅ ባትሆን እኮ..." አሉኝ። ሪሃና ሳቀች። በእናቴ ስል ጭራሽ ባሰባቸው፤ ባለፈውም ምዬ ነበር ለካ።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት። ሳቁ ጠፋ። "ይቺ ብርቄ አይደለችም እንዴ?" አሉ፤ ከዚያ በእጃቸው መዳፍ ስክሪኑን ጠረግ አደረጉት፣ አቧራ ያለበት ይመስል። "ሪሃና፣ ነይ እስቲ። ልጁ የሚለውን ስሚው።"

ሪሃና ኢሜይሏን ቀይራ ኖሯል፤ ማስጠንቀቂያው ሁሉ የሚደርሰው ማንም ወደማይከፍተው አድራሻ ነው። ውጭ አገር ላለ አጎቷ ደወለች፣ በእሱ ካርድ ታደሰ። ገጹም ተመለሰ። ሐጂ ሻይ አስመጡልኝና እኔ እየጠጣሁ እሳቸው "ዘርፉን ማንም እንደሷ አይይዘውም" እያሉ ደጋገሙት። በቁምሽ እንዲህ ብለውሽ አያውቁም፤ ስለዚህ እኔ አደረስኩልሽ።

ማታ ለአባባ ፎቶውን አሳየሁት። እጅሽን በጣቱ ሁለት ሦስቴ ነካው፤ ሲነካው ፎቶው ይሰፋል፣ እንደገና ይነካዋል። የቁም ነገር ሥራ አሳየኝ ማለቱንም ከዚያ ወዲህ ትቷል።

ሚኪ በማግስቱ ስሙን በደንብ መዘነውና ሳቀብኝ። ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው፣ ብትወስደውም ማንም አይገዛህም ነበር አለኝ። ስለዚህ እማዬ፣ ያ ሁሉ ከባድ ዜና ያልኩሽ የአንድ መጋረጃ ቤት ስም ለአንድ ዓመት መታደሱ ነው። ሌላ ምንም የለም። አዲሱ ገበያ እንኳ አልሰማም፤ ከንፈር የመጠጠም የለም፣ እሱን ዋሽቼሻለሁ።

ዓመቱ ሲዞር ግን ሪሃና መርሳቷ አይቀርም። ሄጄ የማስታውሳት እኔ ነኝ፤ በዚያኛውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላም። ትንሽ ሥራ ናት። ለእኔ ትበቃኛለች።

ልጅሽ አቡሽ