ሰማንያ ብር ያልኩ ዕለት

ቦንጋ፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም.

ውድ ኃይለሚካኤል፣

የቀን ገቢ ገማቾቹ ዛሬ ጠዋት ሱቃችን መጡ። የዛሬ ስድስት ዓመት የመጡበትን ቀን ታስታውሳለህ? እኔ ረስቼው አላውቅም። ሦስት ዓመት መቃብርህ ላይ ስመላለስ ያልደፈርኩትን ዛሬ ልጻፍልህ።

ያኔ ገማቾቹ ከታች ከገበያው ተነሡ ሲባል፣ አሥራ አንዱን የማር ባልዲ በጓሮ በኩል እትዬ ብርቄ ቤት አሻገርኩ። የኮረሪማውን ጆንያ አልጋ ሥር ከተትኩ። አንተ በርጩማህ ላይ ተቀምጠህ፣ «የሻረግ፣ ተይ እንጂ! ያለንን እንናገር። ወረቀት እኮ ውሎ አድሮ ይመሰክራል» አልከኝ። «ሞኝ! አገሩ ሁሉ ደብቆ አንተ ብቻ ልትጸድቅ ነው?» ብዬ ሳቅሁብህ።

ገማቹ ልጅ «ጋሼ፣ በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ሲልህ ዞር ብለህ አየኸኝ። ስድስት መቶ እንደምንሸጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ካፍህ ነጥቄ «ሰማንያ ብር ከሞላ ዕድላችን ነው!» አልኩት። ጻፈ። አንተ አቀረቀርህ። የሰፈሩ ሴቶች «አቤት የየሻረግ አንደበት!» ሲሉኝ እኔ ኮራሁ።

በ2006 ኩላሊትህ ታመመ። ሐኪሙ «ቶሎ አዲስ አበባ ውሰጂው» አለኝ። ብድርና ቁጠባ ተቋም ብድር ልጠይቅ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛው የግብር ደረሰኛችንን አገላብጦ፣ «እትዬ፣ በቀን ሰማንያ ብር የሚሸጥ ሱቅ ይህን ሁሉ ዕዳ በምን ይከፍላል?» አለ።

«ዋሽቼ ነው! ስድስት መቶ ነው የምንሸጠው» ብዬ አለቀስኩ።

«እኔ የማየው ወረቀቱን ነው» አለኝ። አልፈርድበትም።

አንተን ግን «አበዳሪዎቹ ገንዘብ ጨርሰዋል» አልኩህ። ይኸው ሁለተኛው ውሸቴ። ቤታችንን የሚገዛ ሰው እስኪገኝ ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ። ገዢው ቀብዱን ይዞ የመጣ ዕለት ደጃችን ላይ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ደንግጦ ተመለሰ።

ዛሬ ምንም አልደበቅሁም። እትዬ ብርቄ በአጥር በኩል «ምነው ዝም አልሽ፣ ባልዲዎቹን አሻግሪ እንጂ!» ብትለኝ «ይቅርብኝ» አልኳት። ገማቿ ልጅ «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ስትለኝ፣ አንተ እኔን እንዳየኸኝ እኔም ዞር ብዬ ባዶ በርጩማህን አየሁ። ከዚያ ያለውን ተናገርኩ።

መዝገቧን አይታ «ከሰማንያ ብር እንዲህ አደገ?» አለች።

«አላደገም፤ ያኔም እንዲሁ ነበር።»

ግብሩ ይከብደኛል፣ ግን እከፍላለሁ። የጎዳኝ ሌላ ነው። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የባለ ሱቁ ስም ከተጻፈበት ላይ ያንተን ሰርዛ የእኔን ጻፈች። ቃልህን የፈጸምኩ ዕለት ስምህ ከሱቃችን ወጣ። ፈርሜ ሰጠኋት። በርጩማህን ግን ማንም አያነሣትም።

ይቅር በለኝ ኃይሌ።

ሰማንያ ብር ያለችው ሚስትህ፣
የሻረግ