ያልሞላ ሳጥን

ጊልቪኔክ፣ ከሙታን ቀን በኋላ ባለው ሐሙስ፣ 1989

ለልጄ ለኤኖራ፣

ጥፋተኛው ቱግዱአል ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድመሽ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። የአክስትሽ ልጅ፣ በልጅነትሽ ሸርጣን ቀሚስሽ ውስጥ የከተተብሽ ቱግዱአል፣ ዛሬ ክራባት አስሮ የዓሣ ጨረታ አዳራሹ የማሽን ኃላፊ ተብሏል። አባትሽ ሳያይሽ የተቀበረው በሱ ምክንያት ነው። በእኔ አይደለም።

እንዴት ነሽ? እዚያ ሃሊፋክስ በረዶው ጀምሯል ይላሉ። እዚህ ነፋሱ ነው የሚያስቸግረው። ለሙታን ቀን መቃብሩ ላይ ቢጫ አበባ አኑሬ ነበር፤ ነፋሱ እየገለበጠ ቢያስቸግረኝ ማሰሮውን በድንጋይ ደገፍኩት። አዳራሹን አሁንም አጥባለሁ። ጉልበቴ ያው ነው።

ከቀብሩ ማግስት ደውለሽ ያልሽኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም።

«እማዬ፣ በአዳራሹ የመልእክት ማሽን ሁለት ጊዜ ጠራሽኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልሽኝ። የቢሮው ማተሚያ ሲነቃ ሮጬ ሄጄ ወረቀቱ ፊት ቆምኩ። የአዳራሹ ቁጥር ወጣ። ከዚያ ባዶ ወረቀት። ከዚያ ዘጋሽው።»

«ዝም አላልኩም» አልኩሽ።

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ያልኩትን ብያለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። እኔና አንቺ በስልክ ሳንጣላ የጨረስንበት ቀን የለም።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ቱግዱአልን ጠርቼ ወጥ ቤት አስቀመጥኩትና ያልሽኝን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

«አክስቴ፣ እውነት ጻፍሽ ወይስ አስበሽው ብቻ ነው?»

«የማሽኑ መስታወት ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ አረንጓዴ ሆኖ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«አጎትህ አልጋ ከያዘ በኋላ። ነሐሴ ላይ።»

ሳቁን ተወው።

አንቺ የእነዚህ ማሽኖች ሥራ ሰው ነሽ፤ ቶሎ ይገባሻል። እኔ እሱ እንዳስረዳኝ ልንገርሽ። ከተርሚናሉ፣ አዳራሹ ውስጥ ከምጽፍበት ማሽን፣ የሚወጣው ጽሑፍ በቀጥታ ወደ አንቺ አይሄድም። መጀመሪያ ካምፔር ከተማ፣ ስልክ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሳጥን ይቀበለዋል። ሳጥኑ ፊደሎቹን ሰብስቦ ይጠቀልላቸውና ጥቅሉን በስልኩ መረብ ይለቀዋል። መቼ ጠቅልሎ እንደሚልክ የሚነግረው፣ ፕሮፋይል የሚሉት ደንብ አለ። በድሮው ደንብ አንድ መስመር ጽፌ ትልቁን ቁልፍ ስጫን ሳጥኑ ያለውን ሁሉ ይልክልኝ ነበር። ያኔ መልእክቴ ሲደርስሽ «ደርሶኛል» ትዪኝ ነበር፤ እኔም «ደህና» እልሽ ነበር። ዓሣ የምትለየው ሶይዚክ ከማሽኑ ፊት ባየችኝ ቁጥር «አዜኖር በስተርጅና ወዳጅ ያዘች፤ ያውም የማይናገር!» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

በጋውን ቱግዱአል ደንቡን ለወጠው። የጨረታው ዋጋ ዝርዝር በዚያው ተርሚናል ወደ ፓሪስ ነጋዴዎች መሄድ ጀምሮ ነበር፤ ጥቅል በበዛ ቁጥር ደግሞ ክፍያው ይበዛል። ስለዚህ ሳጥኑን «እስክትሞላ ጠብቅ» አለው።

«እንደ ዓሣ ሳጥን ቁጠሪው አክስቴ» አለኝ። «ግማሽ ሳጥን ተጭኖ መኪና አይነሳም። ሲሞላ በራሱ ይሄዳል። ካልሞላም ሂድ የሚለው ሌላ ቁልፍ አለ።»

«ያን ቁልፍ ማን አሳየኝ?»

«ለጸሐፊዎቹ አሳይቻለሁ።»

«ለእኔስ?»

ክራባቱን እያላላ «ረሳሁሽ» አለ።

«ታዲያ ያየሁት ፊደል ምንድን ነው?»

«እሱን የመለሰልሽ እዚሁ ካምፔር ያለው ሳጥን ነው። የጻፍሽውን መልሶ ያሳይሻል እንጂ ሄደ ማለት አይደለም። መስመሩን ስትዘጊው ሳጥኑ ጽሑፍሽን ጣለው።»

ገደል ማሚቶ ነበር ማለት ነው። የራሴን ድምፅ ሰምቼ ሰው መለሰልኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

«ሳጥኑ በምን ያህል ነው የሚሞላው?» አልኩት።

«በሦስት መስመር ገደማ። ሦስት መስመር ብትጽፊ ኖሮ ቁልፍም ሳያስፈልግሽ ሞልቶ ይሄድ ነበር። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ነገርኩት። መጀመሪያ «አባትሽ ታሟል። ነይ።» ብዬ ጻፍኩ። መልስ ሲጠፋ ደግሞ ሄጄ «አባትሽ ይጠይቅሻል።» አልኩ።

ቱግዱአል ቀና ብሎ አየኝ። «በቃ? ልጄ የለም፣ ናፍቀሽኛል የለም፣ ምንም የለም?»

«የታመመ ሰው ባለበት ቤት ወሬ አይበዛም» አልኩት።

ይኸውልሽ። ደንብ የሚለውጥ ሰው ለአጣቢዋም ይነግራል። ጥፋቱ የሱ ነው አልኩሽ፤ አሁንም እላለሁ።

አባትሽ የጠየቀኝን ሁሉ ልንገርሽ፤ ሌላ የሚነግርሽ የለምና። የመጀመሪያውን ጽፌ ስመለስ ቀና ብሎ ጠበቀኝ።

«ጻፍሽላት?»

«ጻፍኩ።»

«ስንት ቃል?»

«የሚበቃ።»

«ለአንቺ የሚበቃ ለሌላ ሰው ረሃብ ነው፣ አዜኖር» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ደግፌ ውኃ አጠጣሁት። ከዚያ ብስክሌቱን ከክፍልሽ አውጪው አለኝ፤ ስትመጣ በጨለማ እግሯን ይመታታል አለ። አወጣሁት። አውቶቡስ አደባባዩ ላይ በቆመ ቁጥር ማንኪያውን በአፉ እንደያዘ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ድምፁ ሲደክም «መንገድ ላይ ናት?» አለኝ። «መንገድ ላይ ናት» አልኩት። አልዋሸሁትም፤ ፊደሉን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በማግስቱ ጧት ጀልባዎቹ ሲወጡ እሱም ሄደ።

አዲሱን የቤት ስልክ ቁጥርሽን አልሰጠሽኝም። ቢሮም እንዳትደውዪ ብለሽኝ ነበር። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያውም ልወቅስሽ ነው።

ቱግዱአል ያን ቀን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ፤ አፍንጫውን በክራባቱ ጠረገ። በማግስቱ መጥቶ «አክስቴ፣ ለአንቺ ብቻ የሚሆን ደንብ አውጥቻለሁ፤ በስምሽ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ፊደል ብትጽፊ እንኳ ወዲያው ይሄዳል፤ ነይና ሞክሪው» አለኝ። የሞተ ሰው በአዲስ ደንብ አይነሳም ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እስካሁን አላናገርኩትም። እሑድ እሑድ ዳቦ ደጄ ላይ አንጠልጥሎልኝ ይሄዳል። እበላዋለሁ፤ ዳቦው ምን አደረገኝ?

የእጅ ጽሑፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። አንቺ የሄድሽ ሰሞን ነው ማዘጋጃ ቤት በሚሰጠው የማታ የማንበብና የመጻፍ ትምህርት የተመዘገብኩት። አስተማሪዋ በዚህ ዕድሜሽ ለምን ፈለግሽው ብትለኝ፣ የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ ነው አልኳት። ያን ጊዜ አባትሽም እኔም ጤነኞች ነበርን፤ ቤታችን ውስጥ አንድ ኪኒን አልነበረም።

ደብዳቤው ረዘመብሽ ይሆናል። ሆን ብዬ ነው፤ ይሙላ። ከገና በፊት ይደርሳል ብላኛለች የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ።

አባትሽ ያለው ከመቃብሩ አጥር ጥግ ነው፣ ባሕሩ በሚታይበት በኩል። የእንጨት መስቀል ነው ያለው፤ ድንጋዩ አልተቀረጸም። ምን ተብሎ ይጻፍ ሲሉኝ ቆዩ አልኳቸው። ከስሙ ሌላ የሚጻፍ ቃል ካለሽ ላኪልኝ፤ እኔ በቃል ነገር እንዴት እንደሆንኩ አሁን አውቀሻል።

ነይ ብዬ አልለምንሽም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሥራ አለሽ። ቅድስት አና እጇን ከራስሽ ላይ አታንሳ። ጓዳሽ አይጉደል። በሰው አገር ስትታመሚ ውኃ የሚያቀብልሽ አትጪ። ክረምቱ ይዘንልሽ፣ ልጄ።

የማታው አውቶቡስ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ፤ ጆሮዬም ከብዷል፣ ቢንኳኳ አልሰማም። ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ የጓሮውን በር በብረት እቀረቅር ነበር። ከእንግዲህ አልቀረቅርም።

እናትሽ፣
አዜኖር